ማዳመጫው እሷ ጋ ነው

…ኤንተር ነው፣ ኤንተር እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም፣ ድምፁ ወፈር ብሏል፣ ይህን ማንም አላስተማረውም፣ የኮምፒውተሩን ቁልፎች አንድ በአንድ እየቆረቆረ ራሱ ነው የለያቸው፣ ስፔስ ረጅምና ድፍን፣ ማጥፊያዋ ቀጭን፣ ኤንተር ወፍራም፣ ስለዚህ አክስቱ ቀኑን ጽፋ ጨርሳ ወደ አዲስ መስመር ወርዳለች ማለት ነው፣ ጎበዝ አክስቴ፣ ቀጥዪ፣ ቀጥዪ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ።

እያዳመጠች ነው። ማዳመጫው እሷ ጆሮ ላይ ነው፣ እሱ ጋ የሚደርሰው የጣቶቿ ኮቴ ብቻ ነው፣ ኮምፒውተሩ ምን እንዳላት፣ ምን እንዳነበበላት፣ የቱ መስመር ላይ እንዳቆማት እሱ አይሰማም፣ እሱ፣ ይህንን ነገር ሀ ብሎ ያስጀመራት ሰው፣ ዛሬ ከበሩ ውጭ እንደ ቆመ እንግዳ ነው።

ኃላፊው ገና ሲገቡ ደንቡን ነግረዋቸዋል፣ እትዬ እዚሁ ቦታዎ ላይ ይቀመጡ፣ እኔ ደብዳቤ እነግርዎታለሁ፣ ጽፈው፣ አስተካክለው፣ አትመው ይሰጡኛል፣ እንደ ድሮው ማለት ነው፣ ካልሆነም አይከፋም፣ በጊዜ ጡረታ መውጣት ነውር የለውም፣ አንተ ወንድሜ አጠገባቸው መቀመጥ ትችላለህ፣ ግን ትንፍሽ እንዳትል፣ አንዲት ቃል ካወጣህ ፈተናው የእሳቸው መሆኑ ቀረ። ትንፍሽ እንዳትል! እሱን! ጉርሻ አፉ ውስጥ እያለ እንኳ ማብራራት የማያቆመውን፣ እናቱ አንተ ልጅ ይሄ አፍህ ማጥፊያ የለውም ወይ የምትለውን። እሺ ብሏል። ምን ሊል ይችላል፣ ሥራው የእሷ ነው፣ ዕድሜዋን ሙሉ የተቀመጠችበት ወንበር ነው፣ ይህን ካጣች እቤት ገብታ ሬዲዮ ስር መቀመጥ ነው የሚቀራት፣ ሬዲዮ ደግሞ አትወድም።

ኃላፊው ያስጽፋሉ። ለቅርንጫፎች በሙሉ፣ ጉዳዩ፣ የመጋዘን ቆጠራን ይመለከታል፣ ከዚህ በላይ በተጠቀሰው ጉዳይ መሠረት፣ ቁልፎቹ ይንጣጣሉ፣ አቤት ጣት፣ ከጽሕፈት መኪና ዘመን ጀምሮ የመጣ ጣት ነው፣ አሥሩም የየራሳቸውን ቤት ያውቃሉ፣ ዓይኗ ነው እንጂ የጠፋው ጣቶቿ ምን ሆኑ፣ መጀመሪያ ከዳር ከዳር ጠበበብኝ አለች፣ በቧንቧ ውስጥ እንደማየት ነው አለች፣ ኋላ ቧንቧውም ተዘጋ። እሱ ከነጭራሹ አይቶ አያውቅም፣ ስለዚህ የጎደለ ነገር አይታወቀውም፣ እሷ ግን የነበራትን ነው የተቀማችው፣ ይህን ልዩነት እየቆየ ነው የገባው።

ስክሪን ሪደር ማለት፣ ብሎ ነበር የመጀመሪያ ቀን የጀመረላት፣ ስክሪን ሪደር ማለት አክስቴ፣ መስታወቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም ነው፣ ግን ሁሉን በአንዴ አያፈሰውም፣ ጠቋሚው ያለችበትን ብቻ ነው፣ አንድ ፊደል፣ አንድ ቃል፣ አንድ መስመር፣ የማታውቂው ቤት ውስጥ በአንድ ጣት ግድግዳ እየዳበስሽ ስትሄጂ እንደማለት፣ ጣትሽ ያላረፈበት ግድግዳ ለጊዜው የለም፣ እና ይህ የሆነበት ምክንያት፣ አንተ ልጅ፣ አለችው፣ እኔ የጠየቅኩህ አንድ መስመር እንዴት እንደሚደመሰስ ነው፣ አንተ የኮምፒውተሩን ዘር ትቆጥርልኛለህ። ድምፁንም አልወደደችውም፣ ቆርቆሮው ነው የምትለው፣ ይሄ ቆርቆሮ ደግሞ አፉን ከፈተ፣ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የምጽፈውን ፊደል ሁሉ እየጠራ ሲያሳጣኝ ደሜ ይፈላል። ያለ ቆርቆሮው መጻፍ አይቻልም አክስቴ። ዝም በለኝ፣ ዐውቃለሁ።

የትምህርት ቤት መጻሕፍቱን ሁሉ ያነበበችለት እሷ ነች፣ ከሥራ ተመልሳ፣ እግሯን ዘፍዝፋ፣ እንቅልፍ ሲያንገላጅጃት መስመር እየዘለለች፣ አክስቴ ዘለልሽ፣ አንተ ምን ታውቃለህ፣ ዐረፍተ ነገሩ እኮ አልገጠመም፣ አንተ ነህ ያልገጠምከው፣ ከዚያ ስትስቅ መጽሐፉ ጭኗ ላይ ይንቀጠቀጣል፣

ኢሜይል አሉ። ምን? ኃላፊው ኢሜይል አሉ፣ መልሳችሁን በሚከተለው አድራሻ እንድትልኩ፣ አድራሻውን በእንግሊዝኛ ፊደል ያድርጉልኝ እትዬ፣ ወይኔ፣ ይህን አላሰበም፣ አማርኛ ብቻ ነው ብሎ ነበር፣ መሻገሪያዋን የተለማመዱት ለይስሙላ ነው፣ ኦልትና ሺፍት፣ አብረው፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ሰው ሁለቱን አንድ ላይ ነው የሚጫነው፣ ሺፍት ካመለጠ ኦልት ብቻውን ገጹን አስጥሎሽ ወደ ላይ ይወጣል፣ ትእዛዞቹ ወደተደረደሩበት፣ እዚያ ደግሞ የምትጽፊው ፊደል ወረቀቱ ላይ አያርፍም፣ እያንዳንዱ ፊደል የሆነ በር ይከፍታል፣ አብረው አክስቴ፣ አብረው፣

ቀጭ።

አንድ ነው። ሁለተኛዋ የታለች? ምናልባት በስሱ ነክታት ይሆናል፣ አይደለም፣ አንድ ነው የሰማው፣ እግዜር ያሳይህ፣ አንድ፣ አሁን መጻፍ ጀመረች፣ አትጻፊ፣ ጣ ጣ ጣ፣ አትጻፊ እባክሽ።

ቆመች።

የኃላፊው ወንበር ሲጥጥ ይላል። ወዲያ ማዶ ዴስክ ላይ ያለችው ሒሳብ ሠራተኛ ከንፈሯን ትመጥጣለች፣ እኔን፣ ትላለች ቀስ ብላ፣ ይሄን ድምፅ ሕፃን ሆኖ ጀምሮ ያውቀዋል፣ በታክሲ፣ በሱቅ፣ በደረጃ ላይ፣ ሰው የተበላሸ ዕቃ ሲያይ እንደሚያወጣው ያለ ድምፅ ነው፣ አሁን ለአክስቱ እየተመጠጠ ነው፣ ለእሷ፣ ለዚህ ሁሉ ጸሐፊ ፊደል ላስቆጠረችው ሴት። ፊቱ ይግላል። ኢስኬፕ። ከላይ በግራ ጥግ፣ ብቻዋን የቆመችው ትንሿ ቁልፍ፣ እሷን ንኪያትና ወደ ገጽሽ ትመለሻለሽ፣ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል፣ ምላሱን ይነክሳል። ኃላፊው ቃል ነው ያሉት። ሳል ቃል ነው ወይ? ሳል ቃል አይደለም፣ ሰው ጉሮሮውን ቢጠርግ ማን ይከሰዋል፣ ወይም በጉልበቱ ጉልበቷን፣ ከጠረጴዛው ስር፣ ማን ያያል፣ ማንም አያይም፣ አየር ይስባል፣ ደረቱ ይሞላል፣

ግን ሳሉ ምን ይነግራታል? ተሳስተሻል? መሳሳቷንማ ዐውቃለች፣ ባታውቅ አትቆምም ነበር። እንግዲያስ ምን ይነግራታል፣ አላመንኩሽም ነው የሚላት፣ ሌላ ምንም።

አየሩ ደረቱ ውስጥ እንዳለ ይቀራል።

አንድ ነገር እየመጣበት ነው፣ የማይፈልገው ነገር፣ በነዚያ ሁሉ የልምምድ ቀኖች አክስቱ አንድም ጊዜ ጠፍታ አታውቅም፣ ልትጠፋ ስትል የእሱ እጅ ቀድሞ ይደርሳል፣ ቆይ አክስቴ፣ ይሄ እኮ የሆነው፣ ብሎ ቁልፉን ራሱ ይነካና ያወጣታል፣ ከዚያ ያብራራል፣ እሷም እሺ ትላለች፣ እሱ እሺ ስላለች የገባት ይመስለዋል። እሱስ እንዴት ነው የተማረው? ጠፍቶ ነው እንጂ! በዚያ አሮጌ ማሽን፣ ያለ ሰው፣ አንዱ ዝርዝር ውስጥ ገብቶ መውጫው ጠፍቶት፣ እያለቀሰ፣ እየተሳደበ፣ ቁልፍ ሁሉ እየቀጠቀጠ፣ በመጨረሻ ከላይ በግራ ጥግ ያለችውን በድንገት ነክቶ ድምፁ ወደ ጽሑፉ ሲመልሰው ብቻውን ክፍል ውስጥ ጮኾ ነበር። ያንን ጩኸት ነው የነፈጋት። መንገዱን ሁሉ እጇን ይዞ መርቷት፣ አሁን ሰው ፊት ሜዳ ላይ ለቀቃት። ታውቀው ይሆን መውጫውን? እንጃ፣ ጠይቋት አያውቅም፣ እሱ መልስ እንጂ ጥያቄ የለውም።

እትዬ፣ ይላሉ ኃላፊው፣ ድምፃቸው ክፉ አይደለም፣ ለስላሳ መሆኑ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው፣ እትዬ፣ ከከበደዎት ይተዉት፣ ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

አንዴ ይታገሡኝ፣ ትላለች አክስቱ። ሳሰማ ነው።

ሳሰማ ነው አለች፣ ሳዳምጥ ለማለት፣ አፏ ደርቋል ማለት ነው፣ አፏ ሲደርቅ ቃል ይዛነፍባታል። አየሩን ቀስ አድርጎ ይለቀዋል፣ ሳል ሳያደርገው።

ጠቅ።

ከወዴት መጣ? ከግራ ነው። ከግራ፣ ከላይ። እንደገና፣ ጠቅ። ትጠብቃለች፣ ቆርቆሮው የሆነ ነገር እያላት ነው፣ ምን እያላት እንደሆነ ከዚህ ክፍል የምታውቀው እሷ ብቻ ነች፣ ከዚያ አንድ ቀስት ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች፣ የት እንዳለች እያረጋገጠች ነው፣ በጣቷ ግድግዳውን እየነካች ነው፣ ይህን አላሳያትም፣ በሕይወቱ አላሳያትም። ጠ-ጠቅ። ሁለት! አብረው! ፊደሎቹ ይከተላሉ፣ አሁን በዝግታ፣ አንዱን ጽፋ አንዱን እየሰማች።

ኃላፊው ማስጻፉን ይጨርሳሉ። እሷ ግን አትጨርስም፣ እስከ ላይ ትወጣና በቀስቷ ትወርዳለች፣ መስመር በመስመር፣ በዝግታ፣ ሁሉንም በአንዴ የሚያስነብብ ትእዛዝ እያለ፣ ስንት ጊዜ ነግሯታል፣ ይሄ የቀንድ አውጣ መንገድ ነው አክስቴ ብሏታል፣ አሁን በዚያው በቀንድ አውጣው መንገድ ትሄዳለች፣ አንዱ ጋ ቆማ አንድ ነገር ታጠፋለች፣ አንዱ ጋ ትጨምራለች፣ ምን እንደሆነ አያውቅም፣ የኃላፊው ብዕር ጠረጴዛውን ይቆረቁራል፣ ትሂድ፣ በፈለገችው ትሂድ፣ ማተሚያው አጉረምርሞ ይነሣል።

ወረቀቱ ተወሰደ። ተዘረጋ። ከዚያ ምንም።

ዓይን ያለው ሰው ሲያነብ ድምፅ የለውም፣ ይህ ነገር ሁልጊዜ ይገርመዋል፣ ግማሽ ላይ ይድረሱ መጨረሻው ላይ፣ ግንባራቸውን ይቋጥሩ ይፍቱ፣ ሁለት ሰዎች አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው የወረቀት ኮሽታ ይጠብቃሉ። ክርኗ ክርኑን ይነካዋል።

እትዬ፣ እኔ ከታች ከአክብሮት ሰላምታ ጋር አላልኩም።



አላሉም፣ ትላለች አክስቱ። ሁልጊዜም ይረሱታል። ሁልጊዜም እኔ ነኝ የምጨምረው።

ሒሳብ ሠራተኛዋ ፍርፍር ብላ ትስቅና ታፍነዋለች። ኃላፊው አይስቁም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡታል፣ ወንበራቸው ወደፊት ይጎተታል፣ እግሮቹ ወለሉን ይፍቃሉ፣ ይኸው፣ አሁን ሊናገሩ ነው፣ በለስላሳው ድምፅ ነው የሚናገሩት፣

ለግዢ ክፍል፣ ይላሉ። ጉዳዩ፣ የተጓደሉ ዕቃዎችን ይመለከታል። ደርሰዋል?

ደርሻለሁ፣ ይቀጥሉ።

ቁልፎቹ ይንጣጣሉ። እሱ እንደተቀመጠ ነው፣ ገና አልገባውም፣ ቀስ እያለ፣ ከእግሩ ጀምሮ ይገባዋል። አንተ ተነሥ እንጂ፣ ትለዋለች አክስቱ ጣቷን ሳታቆም፣ ሰው እየሠራ ነው። በትሩን ይዳብሳል፣ ይነሣል፣ አንድ ነገር፣ አንድ ነገር ብቻ፣ አክስቴ፣ ሰነዱን እንዳስቀመጥሽ፣

አስቀምጫለሁ። ውጣ።

ኮሪደሩ ቀዝቃዛ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ይቆማል፣ ያን ጊዜ፣ ዝም ባለችበት ጊዜ፣ ቆርቆሮው ምን ብሏት ነው፣ መውጫውን አስታውሳው ነው ወይስ በድንገት አገኘችው፣ ስትወጣ ይጠይቃት ይሆናል፣ ላይጠይቃትም ይችላል፣ የእሷ ነው፣ ይቀመጥላት። የሰው እርምጃ ይመጣና አጠገቡ ይቆማል፣ ወንድሜ፣ የጠፋብህ ቢሮ አለ? የለም። እና ማንን ፈልገህ ነው? አፉን ይከፍታል፣ የሚነገረው ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል፣ ስለ ዓይኗ፣ ስለ ፕሮግራሙ፣ ስለ ሁለቱ ቁልፎች፣

አክስቴን ነው፣ ይላል። እዚህ ነው የምትሠራው።