ሩጫ የማያየው ማላኪ

«ሻይ ልታፈላለት ወጣ ስትል ነው አሉ ያመለጣት» አለች ኮንሴፕታ፣ ድምፅዋን የቀነሰች መስሏት። ኮንሴፕታ ግድግዳ የምትጋራ ጎረቤት ናት፤ የእሷ ሹክሹክታ ሜዳ ላይ ያለ ከብት ያስበረግጋል።

ኑዋላ ሳንድዊች የተከመረበትን ሰሃን ይዛ በሩ ላይ ደርሳ ነበርና ሰማች። ገብታ ሰሃኑን ከባሏ ሬሳ ሣጥን አጠገብ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ዘጭ አደረገችው።

«አላመለጠኝም፤ ራሱ ነው የላከኝ» አለች። «ሻይ አምጪልኝ አለኝ፣ ውሃው ሳይፈላ ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ለቀስተኞቹ አንገታቸውን ደፉ። አንዱ ውስኪውን ፉት አለ። ማላኪ መሐል ሳሎን፣ ክዳኑ በተነሳ ሣጥን ውስጥ፣ ሰማያዊ ሱፉን ለብሶ፣ ጣቶቹ ላይ መቁጠሪያ ተጠምጥሞ ተኝቷል። እንደ ወጉ የግድግዳውን ሰዓት አቁመውታል፤ ነፍሱ እንድትወጣም መስኮቱን ከፍተውታል። ኑዋላን ከሁሉ በላይ ያናደዳት ይኸው መስኮት ነው። ይሄ ሰውዬ መውጫ ቸግሮት ያውቃል እንዴ?

ሰርግ ቤት ኬኩ ሳይቆረስ ይወጣል። ኳስ ሜዳ «መንገዱ ሳይጨናነቅ» ብሎ ይነሳል፤ ማን እንዳሸነፈ የሚነግራቸው የመኪናው ሬዲዮ ነው። ልጃቸው ዴርቭላ በትምህርት ቤት ቲያትር ንግሥት ሆና የተጫወተች ዕለት፣ ገና ዘውዱን ሳትጭን አባቷ ውጭ መኪናውን አስነስቶ ይጠብቅ ነበር።

ኑዋላ ወጥ ቤት ተመልሳ ለዴርቭላ ቁርጡን ነገረቻት። «ነገ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ የለቅሶው ምሳ ወዳለበት ሆቴል ነው የምሄደው። መቃብር አልወርድም። እሱ ምን ጨርሶልኝ ያውቃል? እኔም አልጨርስለትም።»

«እማ፣ ሰው ምን ይላል?»

«ሰውማ ሲል ነው የኖረው።»

«ኋላ ይቆጭሻል።»

«ይቆጨኛ።»

እውነቱን ለመናገር የከነከናት የሰው አፍ አልነበረም። እኔም ለእሱ ሳያልቅ ጥሎት ከሚወጣው ነገር አንዷ ነበርኩ ወይ የሚል ነው። ይህን ደግሞ ከማላኪ በቀር የሚመልስላት የለም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት ደግሞ ባሱ። ማላኪ ዕድሜውን ሙሉ የፈረስ ጭነት መኪና ነድቶ ጡረታ ሲወጣ፣ ኑዋላ አሁንስ አብረን ቁጭ እንላለን ብላ ነበር። እሱ ግን ጓዳ ገብቶ ኮምፒዩተር ላይ ተተከለ። የውርርድ ገበያ ልማር ነው አለ። መጀመሪያ ዓመት ሲከስር ከረመ። ከየጋጣው የሚወጣውን «እገሌ የተባለው ፈረስ ዛሬ ይበራል» የሚል ወሬ እየሰማ ይገዛል፤ ያን ወሬ ደግሞ ከእሱ በፊት የቲፐሬሪ አውራጃ በሙሉ ሰምቶታል፣ ወተት አመላላሹ ሳይቀር። ወሬውን ሲተውና ፈረሶቹ ከሩጫው በፊት ሜዳውን ሲዞሩ በኮምፒዩተሩ ላይ የትኛው እንዳላበው ማየት ሲጀምር ነው የቀናው። ከዚያማ ሚስቴን ካላስተማርኩ አለ።

«ነይ ቁጭ በይ» አላት አንድ ቀን። «ፈረሱ አሸነፈ ተሸነፈ አያገባሽም። የምትነግጂው ዋጋውን ነው። ማንም ዘወር ብሎ ሳያየው በስድስት እጥፍ ክፍያ ትወራረጂበታለሽ። ኋላ ሰው ሲራኮትበት ክፍያው ወደ አራት ይወርዳል፤ ያኔ ውርርዱን ለተራኮተው ሰው ታሳልፊለታለሽ። ማንም ቢያሸንፍ አትጎጂም።»

«ከድንች ንግድ በምን ይለያል?»

«በምንም። ድንቹ ይሮጣል እንጂ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ፈረሶቹ ከመነሳታቸው በፊት ትወጫለሽ። ሕጉ እሱ ነው። ተነስተው እያለ በገበያው ውስጥ የቀረ ሰው ቁማርተኛ እንጂ ነጋዴ አይደለም።»

«ሩጫውን አናይም ማለት ነው?»

«ምን ይሠራልሻል?»

ወይ ጉድ። ይኸው ነው እንግዲህ፤ ዕድሜ ልኩን ምንም ያልጨረሰው ሰውዬ በስተርጅናው አለመጨረስን ሕግ ያደረገ ሥራ አገኘ። ሂሳቡን ይዘጋል፣ ይነሳል፣ ዶሮዎቹ ጋ ይሄዳል። ኑዋላ ግን ትቀራለች። ሩጫ ያለ መጨረሻው ምኑ ሩጫ ነው? አንድ ቀን እንዲያውም በአንዲት ግራጫ ባዝራ ላይ የገባችበትን ውርርድ ሆን ብላ ሳትዘጋ ቀረች። ባዝራዋ ፈረሶቹ ከሚዘሏቸው አጥሮች የመጨረሻውን ቀድማ ዘለለችና ኑዋላ ብቻዋን እየጮኸች ጓዳውን አደበላለቀችው። ማላኪ ከዶሮዎቹ ጋ ተመልሶ በሩን ገርበብ አደረገው። አልተቆጣትም። ስንት አተረፍሽ እንኳን አላለም።

«ሁሉም በእግራቸው ገቡ?» አላት። ሁልጊዜ የሚጠይቀው ይህን ነው።

«ገቡ፣ ገቡ። ሂድ እጅህን ታጠብ» አለችው እሷም እንደ ሁልጊዜው።

ከሳሎን የሚሰማው ወሬ ወደ ራሷ መለሳት። የሞተች ላም ወተቷ ብዙ ነው እንዲሉ፣ ለቀስተኛው ማላኪን ያወድሰዋል። «ሩጫ የሚባል አያመልጠውም ነበር» ይላል አንዱ። «ፈረስ ሲሮጥ ዓይኑን አይነቅልም» ይላል ሌላው። ኑዋላ ጥርሷን ነከሰች።

ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ጎባጣ ሽማግሌ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ። ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ አማተበና የማላኪን እጅ ነካ። ኑዋላ አላወቀችውም።

«ጃርላት እባላለሁ። እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከማላኪ ጋር ልጅ ሆነን አንድ ጋጣ ነበርን፤ ፈረስ ስናጥብ፣ ስናበላ።»

«ሰው ተሳስተው እንዳይሆን። የኔ ባል ሹፌር ነበር።»

«ሹፌር የሆነው ከሮዚን በኋላ ነው» አለ ሽማግሌው። ከዚያ ፊቷን አየና ደነገጠ። «አልነገረሽም እንዴ?»

«ይንገሩኛ።»

ሮዚን ባዝራ ነበረች። ማላኪ ከተወለደች ጀምሮ ያሳደጋት፣ ሆዷን ሲያማት አጠገቧ ገለባ ላይ የሚያድር። ትልቁ ሩጫዋ ላይ እየመራች መጣች፤ ማላኪ ከሜዳው ዳር ስሟን እየጠራ አብሯት ይሮጣል። የመጨረሻውን አጥር ስትዘል እግሯ ተሰበረ። የእንስሳት ሐኪሙ ሊገላግላት ሽጉጡን ይዞ መጣ፣ ሰው እንዳያይ አረንጓዴ መጋረጃ ዙሪያዋን ተዘረጋ፣ ልጁን ውጣ አሉት።

«አልወጣም አለ» አለ ጃርላት። «ጭንቅላቷን ጭኑ ላይ አድርጎ ያዛት። እስከ መጨረሻው እንደያዛት ነበር። ተኩሱ ጆሮው ሥር ነው የፈነዳው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሩጫ አይቶ አያውቅም። መኪናውን ይነዳል፣ እኛ ፈረሶቹን እናሮጣለን፣ እሱ ጋቢና ውስጥ ጆሮውን ይዞ ይቀመጣል። ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀን።»

«ሁሉም በእግራቸው ገቡ ወይ ብሎ» አለች ኑዋላ።

«እሱን።»

ኑዋላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዴርቭላ ትከሻዋን ያዘች።

«እማ፣ የላከሽ እንዳታዪ ብሎ ነው። ማየት ምን እንደሚያደርግ ያውቃላ።»

«ማን ጠየቀው?» አለች ኑዋላ። እንባዋ ቁጣዋን ቀድሞ ወረደ። «ለፈረስ ቁጭ ብሎላታል። ጭንቅላቷን ይዞላታል። እኔን ውሃ አፍዪ ብሎ ላከኝ። እኔ አይከብደኝም ነበር፤ እይዘው ነበር። ይሄን ሁሉ ዘመን አንድ ቃል ቢነግረኝ ምን ነበረበት? አሁን ማንን ልቆጣ? እሱን እንዳልቆጣ ይሄንን አመጣችሁብኝ።»

ጃርላት ባርኔጣውን በእጁ አዞረው።

በማግስቱ ጠዋት ቀባሪው ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጣ፤ ሣጥኑ ሊዘጋ ነው። ትሁት ሰው ነው፤ እጁን አጣምሮ ወደ ኑዋላ ጠጋ አለ።

«ክዳኑ ሲገጠም ማየት ይከብዳል። ቤተሰብ ብዙ ጊዜ ወጥ ቤት ይቆያል፤ እኛ እንጨርሰዋለን።»

«ወጥ ቤት የሚልከኝ ሰው ሞቷል» አለች ኑዋላ። «ሥራህን ሥራ። እዚሁ ነኝ።»

ክዳኑ ተገጠመ፣ ብሎኖቹ አንድ በአንድ ጠበቁ። ዴርቭላ ፊቷን አዞረች። ኑዋላ አላዞረችም።

ከቅዳሴው በኋላ ስለ ሆቴሉ ያነሳ የለም። ኑዋላ ከሣጥኑ ኋላ ቁልቁል ወደ መቃብሩ ወረደች፤ ዴርቭላም እንዳትሰማባት ተንፍሳ ተከተለቻት። ዝናቡ ያካፋል። አባ ጸሎቱን ጨረሱ። ባለ አካፋ ጎረቤቶች ኮታቸውን አውልቀው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ፤ እንደ ልማዱ ሰዉ እስኪሄድላቸው ይጠብቃሉ። ለቀስተኛው ጥንድ ጥንድ እየሆነ ወደ መኪናው፣ ወደ ሆቴሉ ሾርባ ማዝገም ጀመረ። ኮንሴፕታ ከሁሉ ቀድማለች።

«እማ፣ እንሂድ? ብርዱ...»

ኑዋላ አካፋ ወደያዙት ሰዎች ዞረች።

«ምን ትጠብቃላችሁ?» አለች። «ጀምሩ እንጂ።»

ሰዎቹ ተያዩ። ከዚያ የመጀመሪያው አካፋ አፈር ወረደ፤ ክዳኑ ላይ ዱብ አለ። ኑዋላ ከንፈሯን ነከሰች። ክንዷ ላይ ያንጠለጠለችውን ጥቁር ቦርሳ አወለቀች፤ ጭቃ የነካው ሳር ላይ፣ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።