ከፊት የሚሄድ ይናገራል

የአውቶቡስ ሹፌሩን ልጁ የጠረጠረችው ሻይ ሲቀዳ ነው። ሻዩን ከብርጭቆው ጎን ጠረጴዛው ላይ አንቆርቁሮት፣ ፈስሶ ጉልበቱን ሲያቃጥለው ነው የነቃው። «ማንቆርቆሪያው አዳልጦኝ ነው» አለ። ልጅቷ ግን ነርስ ናት፤ የበሽተኛ ውሸት ለምዳለች። ጨርቅ አምጥታ ጠረገች።

እውነቱን ለመናገር፣ የሰውየው ዓይን ከጎንና ከታች እየጨለመ ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ሐኪም ዘንድ ማንም ሳያውቅ ሄዶ፣ «የሄደው አይመለስም፤ የቀረውን እንጠብቅ» ተብሏል። የዓይን ጠብታውን የደንብ ልብሱ ኪስ ውስጥ ደብቆ ይዞራል። የመሥሪያ ቤቱ የዓመት ምርመራማ ምኑ ይፈራል? የፊደል ሰሌዳው ከተሰቀለበት ግድግዳ ወርዶ አያውቅም፤ ወረፋ ሲጠብቅ ሸምድዶት ኖሮ እንደ ጎበዝ ተማሪ አንበለበለው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ መስመር ነድቷል። ከሰዓት ዝንፍ ስለማይል ባልደረቦቹ ያወጡለት ስም «ሰዓቱ» ነው። መሪ ያልጨበጠ ቀን ምን ሆኖ እንደሚውል አያውቅም፤ ፍርሃቱ ሁሉ ይኸው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ልጅቷ መጣች። «እሁድ ጫካውን በብስክሌት እንዙር። አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እንደ ድሮው እየተናገርክ ከወሰድከኝ አፌን እዘጋለሁ። ካልሆነ ግን የአውቶቡሱን ቁልፍ ራስህ ታስረክባለህ።»

«የወለድኳት ልጅ ፈታኝ ሆና መጣች» አለ እየሳቀ። «ይሁን። ብቻ ዳገቱ ላይ ትንፋሽ አጠረኝ ብትዪ አልሰማሽም።»

ዙሩ ከከተማው ዳር፣ ቤቶቹ ካለቁበት ይጀምራል። ቢበዛ አምስት ኪሎ ሜትር ነው፤ ጫካውን ዞሮ እዚያው የተነሣበት ይመልሳል። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ እዚህ መንገድ ላይ ያስተማራት ደንብ አለ። ከፊት የሚሄድ ያየውን ይናገራል፤ ከኋላ ያለው ደርሶ ሲያየው «አየሁ» ይላል። ድምፅ ከጠፋ ወድቋልና ይቆምለታል። ልጅቷ አንድ ጊዜ፣ ልጅነት ነውና፣ ሳታይ «አየሁ» ብላ ጥርሷን ሰብራለች። ከዚያ ወዲህ ያላየችውን አየሁ ብላ አታውቅም፤ በመንገድም ሆነ በቤት።

ከፀሐዩ ወደ ጥላው ሲገቡ መሬቱ ከእግሩ ሥር ጠፋበት። እንዳይደነግጥ አስቀድሞ ራሱን መክሮ ነበር፤ ዓይኑን ትቶ ፔዳሉን እየቆጠረ ነዳ።

«ድንጋይ፣ በቀኝ።»

«አየሁ።»

«ቁልቁለት። ፍሬን ያዢ።»

«አየሁ።»

ልቡ ሞቀ። እንዲያውም ድልድዩ ላይ ሲደርሱ «ሁለተኛውን ሳንቃ ዝለዪው፣ ከእኔ እኩል ነው ያረጀው» ብሎ አሳቃት። ሳቋን ሲሰማ ፈተናውን ያለፈ መሰለው።

ትልቁ ዋርካ ጋ ሲደርስ «ሥር። መንገዱን አቋርጦ ነው፣ መሪውን ከፍ አድርጊ» አለና የፊት ጎማውን አነሣ። ያ ሥር የሰው ጭን ያክላል፤ ሁልጊዜ የኋላውን ጎማ አንጥሮ ወገቡን ሳያናጋው አያልፍም። አሁን ግን ጎማው ለስላሳ መሬት ላይ ዝም ብሎ አረፈ። የአዲስ አፈርና የተቆረጠ እንጨት ሽታ አፍንጫው ውስጥ ገባ።

ከኋላው ድምፅ የለም። የሰንሰለቷ ድምፅ ብቻ እየቀረበ መጣ።

«አየሁ» አለች ልጁ፣ በቀጭን ድምፅ።

ፍሬኑን ያዘና ቆመ። ለቁጣዋ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ለጭቅጭቅም፣ «አላልኩህም?» ለማለቷም መልስ ነበረው። ለዚህ ግን አልተዘጋጀም። የመሥሪያ ቤቱን ሐኪም፣ አለቃውን፣ ያን ሁሉ ተሳፋሪ ሲያታልል አንድ ሌሊት እንቅልፍ አላጣም። አሁን ግን አባቷ እንዳያፍር ብላ ልጁ ዋሸች። በሽታው የእሱ ነበር፤ ውሸቱን ግን አጋባባት።

«ምን አየሽ?» አለ ሳይዞር።

«ሥሩን ነዋ፣ አባዬ።»

«ሥሩ የለም።»

ብስክሌቷን እየገፋች አጠገቡ ደረሰች። «ቆርጠውታል። አፈር ደልድለውበታል» አለች በመጨረሻ። «ከልማድ ተናግረህ ነው ብዬ ነው። ልማድ ነው፣ አይደል?»

አዎ ቢል ያልቃል። ልጅቷ አፏን ትዘጋለች፣ እሱም ነገ ጠዋት ተማሪ የሚሞላበትን አውቶቡሱን አስነሥቶ ይወጣል። ትምህርት ቤቱ ፊት ያለውን መሻገሪያ ከወር ወዲህ ትንፋሹን ይዞ በግምት ነው የሚያልፈው። ባለፈው ሐሙስ አንዲት ሴት፣ ልጅ በእጇ ይዛ፣ እዚያ መኖሯን ያወቀው የአውቶቡሱን ጎን በመዳፏ ስትደበድብ ነው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ስልኩን አወጣና አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ስምሪት ክፍል ደወለ። ተረኛው ወዲያው አነሣ።

«ጋሽ ሰዓቱ፣ በእሁድ ምን ተገኘ? ሰላም ነው?»

«ለነገ ጠዋት ሌላ ሹፌር መድብ።»

«አመመህ እንዴ?»

«ዓይኔ አያይም።»

ለሰው ሲናገረው የመጀመሪያው ነበር። ልጅቷ ብስክሌቷን ለቀቀችው፤ ቅጠሉ ላይ ሲወድቅ ሰማ። ስልኩ ውስጥ ተረኛው መዝገብ ያገላብጣል።

«አይዞህ ጋሼ፣ ይሻልሃል» አለ ተረኛው በደህና ልብ። «ታዲያ ስንት ቀን ብዬ ልጻፍልህ?»



«ቀን አትጻፍ» አለ ሹፌሩ። «መስመሩን ለሰው ስጥ።»