የሰዓት ሠሪው መነጽር

ሰዓት ሠሪው ያለችው አንድ ዓይን ናት። እሷም ሞራዋ ከተገፈፈ ወዲህ ሩቁን እንጂ ቅርቡን አላይ አለች። አጉሊ መነጽር ሲያደርግ መፍቻው ይጠፋዋል፤ አውልቆ መፍቻውን ሲያገኝ ብሎኗ የት እንዳለች አያውቅም። እንዲህ እየሆነ ሰው ሰዓት ይሠራል? ደንበኛው ቀስ በቀስ ሸሸ።

ታናሽ እህቱ የሌንስ ባለሙያ ናት። ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነውና ነገሩ አንጀቷን በላው። የምትሠራበት ቤተ ሙከራ ሊዘጋ ሲል ከአንድ ጠርሙስ ሥር የቀረችውን፣ በኤሌክትሪክ ብርሃን የማጠፍ ኃይሏ የሚለዋወጥ ፈሳሽ ክሪስታል ለምና ወሰደች። መስታወቱን በከፋይ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ እያሸች፣ ፈሳሹንም መሃሉ እየሞላች፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ያነሱ ሌንሶች የተደረደሩበት መነጽር ሠራችለት። ወገቡ ላይ በምትንጠለጠል ባለ ባትሪ ሳጥን ኤሌክትሪኩን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ፣ መነጽሩ አንዴ ቅርቡን አንዴ ሩቁን ያሳየዋል።

መነጽሩን አድርጎ እጁን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከዚያ፣ «እቱ፣ የጣቴን መስመር አየሁት እኮ» አላት። እሷ ዞር ብላ አለቀሰች።

«ሳጥኗን እንዳትነቅላት፣ ጋሼ» ብላዋለች። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም። ዕድሜ ልኩን ባትሪ ሲቀይር ለኖረ ሰው ስለ ባትሪ ማስተማር ከበዳት።

ሳጥኗ ከወንበሩ ጋር እየተጋጨች አሰለቸችው። ሰዓት ሠሪ ደግሞ ትርፍ ነገር አይወድም፤ አንድ ጠዋት ነቀላትና የመነጽሩን ሽቦዎች በቀጥታ ከባትሪ ጋር አገናኘ።

እህቱ ከሰዓት በኋላ ስትመጣ፣ «ይኸው፣ ሸክሙን አቀለልኩት» አላት እየሳቀ። «ጠዋት ብሎኗን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ ነበር። አሁን ጭጋግ ቢጤ ሆነብኝ፣ እስቲ ጥረጊልኝ።»

መስኮቱ ጋ ወስዳ አየችው። ጭጋጉ ከውስጥ ነው። ሳጥኗ ኤሌክትሪኩን ወዲያና ወዲህ የምታመላልሰው ለዚሁ ነበር፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲገፋ ፈሳሹ ይበላሻል።

«አይጠረግም፣ ጋሼ። ተበላሽቷል።»

«ሌላ ትሠሪያለሻ።»

«ፈሳሹ አልቋል። ቤተ ሙከራውም ተዘግቷል።»

ሰዓት ሠሪው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። «ይህን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አፈርኩህ።»

«እኔን አፍረሽ» አለ፣ ሳይቆጣ፣ «ዓይኔን አጠፋሽው።»

እሱ መፍቻዎቹን እየዳሰሰ አንድ በአንድ በጨርቅ ጠቀለላቸውና ዘረጋላት።

«ሽጪያቸው» አላት።