ውኃው እስኪመለስ

የዮሚፍ አባት አቶ ጌታቸው ደብረ ብርሃን ላይ ካረፉ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ኦክላንድ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሐበሻ ዮሚፍ ብቻ ነበር።

መርዶ በወጉ ማለዳ ነበር የሚነገረው። ነገር ግን እህቱ ዮዳሄ ከዳላስ የምትገባው ቅዳሜ ከሰዓት ስለሆነ የዕድሩ ኮሚቴ ለአሥር ሰዓት ቀጠረው። እሷም አታውቅም። «ወንድምሽ ሽማግሌ ሊልክ ነው» ተብላ አበባ ይዛ እየመጣች ነው። ችግሩ እስከዚያ ዮሚፍን የት እናድርገው የሚለው ነበር። ናፓ ለሽርሽር እንዳይወስዱት ዋይፋይ አለ። ቤተ ክርስቲያን እንዳይሄድ ሰው አለ። ዓርብ ዕለት የሐበሻ ሱቋ ካሸር እንኳ መልስ ስትሰጠው ዕንባዋ አመለጣትና «ሽንኩርቱ ነው» አለችው፤ የገዛው ግን ሩዝ ነበር።

በመጨረሻ የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ገዛኸኝ መላ አመጡ። የሸራ ጀልባ እንከራይ፤ ባሕር ላይ ማን ያገኘዋል?

ሥራው ለጓደኛው ለሂክማ ተሰጠ። ነርስ ስለሆነች ፊቷ ምሥጢር አያወጣም ተባለ። «ልደቴ ነው» ብላ ጠራችው። ልደቷ ጥር ላይ ነው፤ ወሩ ግን ነሐሴ ነበር። ዮሚፍ ጀልባ ላይ እንዳይበርዳት ብሎ ጥቁር የሱፍ ሻርፕ ገዝቶላት መጣ። ሂክማ እዚያው ልትነግረው ምንም አልቀራትም።

የጀልባዋ ካፒቴን ጋሽ ዘመንፈስ በወጣትነታቸው ምጽዋ ባሕር ኃይል የነበሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ሂክማ ነገሩን አስቀድማ ነግራቸዋለች። «ባሕር ላይ ብዙ ነገር ጭኛለሁ፣ መርዶ ግን ጭኜ አላውቅም» ብለው ገመዱን ፈቱ።

«ስንት ሰዓት እንመለሳለን ጋሼ?» አለ ዮሚፍ።

«ውኃው ሲፈቅድ። መግቢያው ደለል ነው፤ ባሕሩ ሲጎድል ከገባን ጭቃ ላይ ነው የምንቀመጠው። አሥር ሰዓት ግድም ይሞላል።»

«ሂኩ፣ ሌሎቹ ጓደኞችሽ የት ገቡ? ተጣላችሁ?»

«ካንተ ሌላ ሥራ ፈት አላገኘሁም። ይልቅ ስልክህን አምጣ፣ ውኃ እንዳይነካው።»

ተቀብላው ጥሪ እንዳይገባ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አደረገችውና ቦርሳ ውስጥ ዘጋችበት።

«አባዬ ይደውላል እኮ፤ ቅዳሜ ነው» አለ።

«ሲግናል የለም።»

«አባዬን አታውቂውም። ሲግናል ባይኖርም ይደውላል።»

ሂክማ ሸራውን የምታይ መስላ ዞረች።

ከሪችመንድ ወዲህ መልህቅ ሲጥሉ ጉሙ የባሕረ ሰላጤውን ድልድይ ውጦ ጨርሶ ነበር። ባሕሩ እየጎደለ ሄዶ የዳርቻው ጭቃ ብቅ አለ። ሰባት ሰዓት ላይ ነፋሱ ቆመ፤ ወፎቹም ዝም አሉ። ዮሚፍ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ ተቀምጦ ማፏጨት ጀመረ።

«ተው ልጄ» አሉት ጋሽ ዘመንፈስ። «አሁን ውኃው አይወጣም፣ አይገባም። እንዲህ ሲቆም አይፏጭም።»

«ለምን ጋሼ?»

«የሚሰማ አይጠፋም።»

በዚህ መሀል ቦርሳው ውስጥ ስልክ ጠራ።

ሂክማ ከፈተችው። «አባዬ» ይላል፤ ባርኔጣ ያደረጉት ሽማግሌ ከነፎቷቸው። ከላይ የአውሮፕላኗ ምልክት እንዳለች ናት። መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ የነርስ ሐሳብ ነበር፤ የሟችን ስልክ የያዘ አንድ ዘመድ ጉድ ሊሠራን ነው። ዘጋችው። ደግሞ ጠራ። ወደ ታች ካቢኑ ወርዳ አነሳችው።

«ማን ልበል?» አለች በሹክሹክታ። «እባካችሁ፣ ገና አልተነገረውም።»

የተሰማት ትንፋሽ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት በሽተኛ ስታስታምም ኖራ ይህን ዓይነት ትንፋሽ ታውቀዋለች፤ ሲሰማ ቤተሰብ ይጠራል። ከዚያ ቀስ ያለ ድምፅ፣ ምንም ቁጣ የሌለበት፦

«ልደትሽ እንኳ ጥር ላይ ነው ልጄ። በይ ስጪልኝ።»

እንዴት ደረጃውን እንደወጣች አታስታውስም። ጋሽ ዘመንፈስ ስልኩን አዩና ዓይናቸውን ወደ ውኃው መለሱ። «ስጪው» አሉ። «ውኃው ሳይዞር።»

ዮሚፍ ስልኩን ተቀብሎ «አላልኩሽም?» አላትና ጆሮው ላይ አደረገው። ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመ። «እሺ» አለ። «እሺ አባዬ። እሺ።» ለመጨረሻ ጊዜ «እሺ» ሲል ድምፁ ከከንፈሩ አልወጣም። በመልህቁ ገመድ ላይ ውኃው መንሿሿት ጀመረ፤ ባሕሩ እየተመለሰ ነው።

ስልኩን መለሰላት። ከጥሪዎቹ ዝርዝር ላይ የአባቱ የመጨረሻ ጥሪ ያለፈው ቅዳሜ ነው።

«ምን አሉህ?» አለች።

«አርባ ወንበር ነው የተከራያችሁት?»

ለለቅሶው የተከራዩት አርባ ነበር። ይህን ከሂክማና ከአቶ ገዛኸኝ በቀር ማንም አያውቅም።

«አይበቃም አለ» አላት ዮሚፍ። «ዮዳሄን ደግሞ አንተ ንገራት፣ ሰው ጮሆባት እንዳትደነግጥ አለኝ።»

ጋሽ ዘመንፈስ መልህቁን ሳቡ።

አሥር ሰዓት ሲሆን ጀልባዋ ጭቃውን ሳትነካ ገባች። አቶ ገዛኸኝ ጥቁር ከለበሱ ሽማግሌዎች ጋር ቤት መጠበቅ ሲገባቸው አላስችል ብሏቸው የጀልባ ማቆሚያው ድረስ መጥተዋል፤ የሚያነቡት ወረቀት እጃቸው ላይ ነው። ከፊታቸው ከአየር ማረፊያ የተቀበሏት ዮዳሄ ቢጫ ቀሚስ ለብሳ አበባዋን ታውለበልባለች።

«ሂኩ፣ ሻርፕሽን አውሺኝ» አለ ዮሚፍ።

አወለቀችለት። ዘሎ ወረደ። አቶ ገዛኸኝ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ በእጁ ብቻ «ቆይ ጋሼ» አላቸውና አልፏቸው ሄደ። ጥቁሩን ሻርፕ በእህቱ ቢጫ ትከሻ ላይ ጣል አድርጎ አቀፋት፤ ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለ። አበባው መጀመሪያ ጣውላው ላይ፣ ቀጥሎ ውኃው ላይ ወደቀ።

አቶ ገዛኸኝ ወደ ሂክማ ዞሩ። ፊታቸው ደም መስሏል።

«ማን ነገረው?»

ሂክማ ቦርሳውን ደረቷ ላይ ጥብቅ አደረገች።

«ቤተሰብ ደውለው ነው» አለች። «ወንበር ጨምሩ ብለዋል።»