በእኔ ምትክ የሚከራከር

በሰፈሩ መኪና ከሚነዳው ሰው ግማሹ መንዳት የተማረው ከእሷ ነው። ስለዚህ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ትልቁም ትንሹም «መምህር» ነው የሚላት። ጡረታ ከወጣች በኋላ እንኳ እግረኛ መሻገሪያው ላይ ብቅ ስትል ሾፌሮች ሳያስቡት ቀበቷቸውን ይዳብሳሉ።

የልብ ሐኪሟም ተማሪዋ ነበር፤ «ገና ለፈተና አልደረስክም» ብላ ሁለት ጊዜ የመለሰችው። አንድ ቀን ጠዋት የምርመራ ውጤቷን ይዞ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ልብዎ ደክሟል» አላት። «መድኃኒቱ ያግዘዋል እንጂ እንደ ድሮው አያደርገውም።»

«ልቤንማ ያወለቀው የባሌ ወንድም ነው» አለች። «ስንት ዘመን ሙሉ፣ ልብ አውልቅ!»

ሐኪሙ ሳቅ አለና ተመልሶ ኮስተር አለ። አንድ ቀን ራሷ መናገር የማትችልበት ሁኔታ ሊመጣ እንደሚችል ነገራት። ያን ጊዜ ምን እንዲደረግላትና ምን እንዳይደረግላት እንደምትፈልግ ካሁኑ በጽሑፍ ብታስቀምጥ፣ በእሷ ምትክ የሚናገር ሰውም ብትመርጥ ጥሩ ነው አላት። ይህን ሁሉ ሲናገር ዓይኑን ከጠረጴዛው ላይ አልነቀለም።

«ቀና በል» አለችው። «ድሮም እግርህን ነው የምታየው። መንገዱን እያየህ ንገረኝ።»

ቀና ብሎ እንደገና ነገራት። በዚህኛው ገባት።

ነገሩ ለእሷ አዲስ አልነበረም። ባሏ ሥራ ቦታው ላይ እንደወደቀ ሳይነቃ ቀርቶ፣ የመተንፈሻ ማሽን ላይ ሳምንታት ተኝቶ ነው የሞተው። እሷ «ይብቃው» ስትል ታናሽ ወንድሙ «እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም» ይል ነበር። ሁለቱም «እሱ ቢሆን እንዲህ ይል ነበር» እያሉ ይምላሉ፤ እሱ ግን ጤነኛ ሳለ ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። ከቀብሩ በኋላ መምህርና ዋርሳዋ ተኳርፈው ከረሙ። የታረቁት የማስተማሪያ መኪናዋ ፍሪሲዮን ሲቃጠል ነው፤ ከእሱ ጋራዥ በቀር የምታምነው ሜካኒክ አጣች።

ይህን ሰውዬ ቤተሰቡ «አቶ ግን» ይለዋል። «ፀሐይ ወጣች» ቢሉት «ግን ደመና አለ» የሚል ሰው ነው።

እሁድ ምሳ ከተበላ በኋላ መምህር ወንድ ልጇን፣ አብራት የምትኖረውን ሴት ልጇንና አቶ ግንን ሳሎን አስቀምጣ ሐኪሙ ያለውን ነገረቻቸው።

«እማዬ፣ ምን ሟርት ታወሪያለሽ!» አለ ልጇ። ኢንሹራንስ ቤት ነው የሚሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ለደንበኛ «ሳይቃጠል በቅጠል» ሲል ይውላል። «ተይው በቃ። ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰማሽም?»

«እኛ ቤት ነቅዟል» አለች። «አባታችሁ ዝም ብሎ ሄደና እኛን አናከሰን። እኔ ተናግሬ ነው የምሄደው። መናገር ሲያቅተኝ ደግሞ በእኔ ምትክ የሚናገረው አጎታችሁ ነው።»

ሴት ልጇ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። አቶ ግን የሚጠጣው ውሃ ትን አለው።

«እሱ?» አለ ልጇ። «ልጆችሽ እያለን?»

«አንተ ትወደኛለህ፤ ስለምትወደኝም አትለቀኝም። እህትህ ደግሞ ሐኪም ፊት ከቆመች «እሺ» ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ይሄ ሰውዬ ግን እሺ ብሎ አያውቅም። እኔ የምፈልገው የሚከራከርልኝ ሰው ነው።»

አቶ ግን ሳሉን ሲጨርስ «ግን እኔ እኮ» አለ፣ «እኔ ብሆን ያለው ማሽን ሁሉ ይሰካልኝ ነው የምለው።»

«ያንተን ማን ጠየቀህ? ጋራዥህ የሚገባው መኪና ሁሉ ያንተ ነው? ባለቤቱ ሥራ ያለህን ነው የምትሠራው።»

ልጇ ብድግ ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ወሬው በተነሳ ቁጥር ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

ጽሑፉን የሠሩት ጋራዡ ውስጥ፣ ቢሮ በምትባለው ጠባብ ክፍል ነው። መምህር ነገሩ በአንድ መስመር የሚያልቅ መስሏት ነበር። «ምንም አትንኩኝ፣ ቤቴ ልሙት» ብላ ጽፋ ብዕሩን አስቀመጠች።

አቶ ግን እጁን በጨርቅ እየጠረገ አነበበው። «ግን ምንም ስትዪ፣ ምኑን ነው?»

«ምንምን ነዋ!»

«የሳንባ ምች ቢይዝሽስ? መርፌ ተወግተሽ፣ ኦክስጅን ተደርጎልሽ የምትነሺ ቢሆንስ?»

«እሱንማ አክሙኝ እንጂ! ምን ሆኜ ነው በጉንፋን ልጅ የምሞተው?»

«ታዲያ እንደሱ አላልሽም። ይሄን ይዤ ሐኪም ፊት ብቆም ገደልኩሽ ማለት ነው።»

ወረቀቱን ከእጁ መንጭቃ ሰረዘችው። ከዚያ ወዲያ እየተከራከሩ ጻፉ። ልቧ ቢቆም ደረቷን እየተጫኑ እንዳያንገላቷት። ወደ ራሷ የማትመለስ ከሆነ ማሽን ላይ እንዳትደረግ። የሚድን ሕመም ከሆነ ግን በደንብ እንድትታከም። በምንም ሁኔታ ሕመም እንዳይሰማት መድኃኒት እንዳይነፈጋት። ሌላ ቀን ሐኪሙ አብሯቸው አየው፣ ምስክሮች ፈረሙበት፣ አንዱ ቅጂ ከሕክምና ፋይሏ ጋር ተያያዘ።

የተፈራው ቶሎ መጣ። አንድ ማለዳ ሴት ልጇ ስትገባ መምህርን በትኩሳት ስትነድ፣ ትንፋሽ አጥሯት አገኘቻት። በአምቡላንስ ድንገተኛ ክፍል አደረሷት። ተረኛዋ ሐኪም ወጣት ናት፤ ክፍሉም በበሽተኛ ተጨናንቋል። ፋይሉን ከፍታ ጽሑፉን ስታይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ሕክምና እንደማይፈልጉ ጽፈዋል፤ እንዳይሠቃዩ እናደርጋለን» አለች። ሴት ልጇ እንባዋን እየጠረገች «እሺ» አለች።

አቶ ግን የሥራ ቱታውን እንደለበሰ ከተፍ ሲል የወንድሙ ልጅ ኮሪደሩ ላይ ያዘው።

«ይኸውልዎት! ያስፈረሟት ወረቀት ገደላት!»

«ቆይ፣ ልጄ» አለና አልፎት ሄደ። ሐኪሟ ፊት ቆሞ የራሱን ቅጂ ከኪሱ አወጣ። «ዶክተር፣ የቱ ጋ ነው ሕክምና አልፈልግም ያለችው?»

«አባቴ፣ እዚህ ማሽን አልፈልግም ይላል።»

«ወደ ራሷ የማትመለስ ከሆነ ነው የሚለው። ያመማት ምንድን ነው?»

«የሳንባ ምች ይመስላል።»

«ይድናል?»

«ልባቸው ደካማ ነው... ሊድን ይችላል።»

«ግን ከሥር ያለውን ያንብቡታ! የሚድን ከሆነ አክሙኝ ብላለች። በእጇ ነው የጻፈችው፤ እኔም ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። እስኪያነቡት ድረስ ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

ጥበቃው መጣ። ነርሷ መጣች። አቶ ግን ንቅንቅ አላለም። ሐኪሟ ጽሑፉን ከአናቱ ጀምራ አነበበችው፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ልክ ነዎት» አለች። «ቸኩዬ ነው።» ወዲያው ለመምህር የኦክስጅን ጭምብል ተደረገላት፤ መድኃኒቱ በደም ሥሯ ይወርድ ጀመር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መምህር ትራስ ተደግፋ ተቀመጠች። «ተከራከርክ?» አለችው።

«ትንሽ።»

«ትንሽ?» አለች ሴት ልጇ። «ጥበቃ ተጠርቶ ነበር እኮ!»

ልጇ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጽሑፉን ለመጀመሪያ ጊዜ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና ከአናቱ ጀመረ። በመጨረሻ «እማዬ፣ ይሄ ‹ወደ ራሴ የማልመለስ ከሆነ› ያልሽው» አለ፣ «ምን ማለት ነው? አስረጂኝ።»

አስረዳችው። ሰው መለየት ካቃተኝ፣ ስማችሁን ከረሳሁ ማለቴ አይደለም አለች፤ እሱን ችዬ እስቃለሁ። ዳግመኛ የማልነቃ ከሆነ ነው። ልጁ እየደጋገመ ጠየቃት፤ እሷም ሳትሰለች፣ ድሮ መኪና አቋቋም ስታስተምረው እንደነበረው እያቆመች እያስጀመረች መለሰችለት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ወራት ኖረች። በልጇ መኪና ከጎኑ ተቀምጣ ስፖኪዮ አላየህም እያለች አሳበደችው። ሐኪሙ ዘንድ ስትሄድ ቀጥ ብላ ነበር የምትገባው።

ሁለተኛው ጊዜ ቀን ላይ፣ ሸለብ ባደረጋት ሰዓት መጣ። ደም አንጎሏ ውስጥ ፈስሶ ነበር። የድሮ ተማሪዋ ከክፍሉ ወጥቶ አጎትና የወንድም ልጅ ፊት ቆመ፤ ዓይናቸውን እያየ ተናገረ። «አይነቁም። ማሽን ላይ ላደርጋቸው እችላለሁ፤ ግን አይመለሱም።»

አቶ ግን ቅጂውን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ልጇ ክንዱን ያዘው።

«አትፈልግም» አለ ልጇ። «ጠይቄያታለሁ። ቤቷ እንወስዳታለን።»

መኝታ ቤቷ መስኮቱ መንገድ ላይ ነው። የሚመላለሰው መኪና ድምፅ ይሰማል። የማስታገሻ ጠብታውን አሰጣጥ ነርሷ ለልጇ አሳየችው፤ መጀመሪያ እያንዳንዱን ጠብታ ሁለቴ እየቆጠረ ሰጣት፣ በማግስቱ ለመደው። ጎረቤት እየገባ እየወጣ ተሰናበታት። አቶ ግን ከአልጋው አጠገብ ካለው ወንበር አልለይ ብሎ፣ ቁጭ እንዳለ ያንኮራፋ ነበር።

የሞተችው ከሰዓት በኋላ፣ ሴት ልጇ ፀጉሯን እያበጠረችላት ሳለ ነው። አንድ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ ሌላ አልመጣም። ልጅቱ ማበጠሪያውን አላስቀመጠችም፤ የቀረውን ጎን ጨርሳ፣ ሹሩባውን ቋጥራ፣ ከዚያ ነው ሁለቱን ወንዶች ልትጠራ የወጣችው።