ሦስተኛው ጋን

ሲቨርት ከበሩ ፊት ቡት ጫማውን አወለቀና በሱፍ ካልሲ ብቻ ገባ። በጨለማው ክፍል ግድግዳ ላይ በእጅ እየዳሰሱ የሚሄዱበት ገመድ ተወጥሯል። አንድ ቋጠሮ የመጀመሪያው የውሃ ጋን፣ ሁለት ቋጠሮ ሁለተኛው፣ ሦስት ቋጠሮ ሦስተኛው ነው። ገመዱን የወጠረው ሲቨርት ራሱ ነው፤ በሩ ላይ «መብራት ክልክል ነው፤ ኮቴም አይሰማ» ብሎ የጻፈውም እሱ ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ ስልኳን አብርታ ብትገባ ክንዷን ይዞ አስወጥቷት ሳምንት ሙሉ አላናገራትም።

ሁለቱ ጋኖች ዘንድሮ ባዶ ናቸው። ከሰው ቁመት የሚበልጠው ሦስተኛው ጋን የአሮጊቷን የመጨረሻ ልጆች ይዟል።

አሮጊቷ ዓሣ ነበረች። ሃያ አራት ዓመት በዓሣ ምርምር ጣቢያው ገንዳ ወለል ላይ እንደ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተኝታ የኖረች፣ ከመቶ ኪሎ የምትበልጥ ሃሊበት። የሌሎቹን እናቶች ጫጩቶች በየዓመቱ በሽታ ሲጠርጋቸው የእሷን አይነካም ነበር። የጣቢያው ተመራማሪ ጉንቮር ምክንያቱን ለማወቅ ሰባት ዓመት ደክማለች። በመጋቢት አሮጊቷ እንቁላሏን በሲቨርት እጅ ላይ አፍስሳ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ቀድሞ የወለደቻቸው ሁሉ ለምርመራ እየተወሰዱ አልቀዋል። እነዚህ ካላደጉ የጉንቮር ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ይቀራል፤ የአሮጊቷም ዘር ይጠፋል።

የሃሊበት ጫጩት ከተፈለፈለ በኋላ አርባ ቀን ጨለማ ይፈልጋል። ሆዱ ሥር የቀረለት አስኳል ስለሚመግበው አይበላም፤ አይነካም፣ አይታይም። ብርሃን ካስደነገጠው መንጋጋው ተጣሞ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ የጠባቂው ሥራ አንድ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከጋኑ ሥር ያለውን ቧንቧ በቀስታ ከፍቶ የዘቀጡትን ሙታን በብርጭቆ መስፈር። ሲቨርት ሃያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ የሞቱትን ሲሰፍር ቆይቷል። በሕይወት ያሉትን ግን አንዴም አላያቸውም።

ብርጭቆውን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ አየው። የትናንቱ እጥፍ ነው።

ወጥ ቤት ውስጥ ጉንቮር ዳቦዋ ላይ ቡናማ አይብ እየላገች ነበር። ኤልዳርም አለ፤ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ አሮጊቷን በወጣትነቷ ከባሕር ያወጣት እሱ ስለሆነ በየጠዋቱ ቡና መጠጣት መብቱ ይመስለዋል።

«ስንት?» አለች ጉንቮር።

«ስልሳ ሚሊ ሊትር።»

ቢላዋዋ ቆመ።

«ውሃውን ትንሽ ላቀዝቅዘው? ወይስ ፍሰቱን ልቀንስ?»

«ምንም አታድርግ።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልያቸው?»

«እሱንም አትችልማ!» ኤልዳር ሳቀ። «ያን ቀን ለአምስት ጎትተን ስናወጣት ጠብሰን በልተናት ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ለቅሶ አይመጣም ነበር።»

«ኤልዳር፣ ቡናህን ጠጣ።»

«እየጠጣሁ ነው፤ የማትጠጡት እናንተ ናችሁ። ስማ አንተ ልጅ፣ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

ሲቨርት አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ ለኤልዳር ግን ልጅ ነው።

በሠላሳኛው ቀን ሙታኑ ጨመሩ። በሠላሳ አንደኛውም፣ በሠላሳ ሁለተኛውም፣ በማግስቱም። ጉንቮር ቤርገን ከተማ ላሉ ባልደረቦቿ ደወለች፤ ታገሡ አሏት። በሠላሳ አራተኛው ቀን ጠዋት ሲቨርት ብርጭቆውን ወደ ኮሪደሩ አውጥቶ ዓይኑን ማመን አቃተው። ንጹሕ ውሃ ነው። አንድም የሞተ የለም።

ሮጦ ለጉንቮር አሳያት። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥታ እያዞረች አየችው።

«ጥሩ ነው አይደል?»

«ወይ መሞት አቁመዋል፤ ወይ የሚሞት አልቀረም።»

«የትኛው ነው?»

«ከስድስት ቀን በኋላ መብራት ስናበራ እናውቃለን።»

«ስድስት ቀን እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቀው?»

«በሩ ላይ የጻፍከውን አንብብ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን የእሷም ልብ እንዳላረፈ ይናገር ነበር።

በማግስቱም ብርጭቆው ንጹሕ ሆነ። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን ሲቨርት የግንባር መብራቱን ኪሱ ከቶ ገባ። ለምን እንደያዘው ለራሱም አልነገረውም። ጣሪያው ላይ ዝናብ ይዘንባል። ሦስተኛው ቋጠሮ ጋ ቆሞ ጆሮውን ጋኑ ላይ አስጠጋ። በሕይወት የተሞላ ውሃና ባዶ ውሃ ድምፃቸው አንድ ነው።

መሰላሉን ወጣ። መብራቱን በመዳፉ ሸፍኖ አበራው። በጣቶቹ መካከል ቀይ ብርሃን ሾልኮ ውሃው ላይ ወደቀ።

አሉ። እንደ ብርጭቆ ክር የቀጠኑ፣ ራሳቸውን ወደ ታች ዘቅዝቀው የተንጠለጠሉ፣ ሺህ በሺህ ናቸው። ወዲያው ሁሉም ባንድ ጊዜ ተንቀጠቀጡ። እሱም መብራቱን አጠፋ። የሆነው ሁሉ አንድ ትንፋሽ አይሞላም።

ደስታው እስከ በሩ እንኳ አላደረሰውም። ኮሪደሩ ላይ ቡት ጫማውን አጠለቀና መብራቱን ኪሱ ውስጥ መልሶ ከተተ።

ለማንም አልተናገረም። ብርጭቆው በየጠዋቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጉንቮር መሳቅ ጀመረች። ኤልዳር ዋፍል የሚባለውን ጣፋጭ ቂጣና የእንጆሪ ማርማላታ ይዞ መጣና «የልጅ ልጆቼን መቼ ነው የምታሳዩኝ?» አለ። ሲቨርት ዋፍሉን እጁ ላይ ይዞ ሳይበላው ቀረ።

በአርባኛው ቀን መብራቱን ቀስ በቀስ ከፍ አደረጉ። ሲቨርት በዓይን የማይለየውን ደቃቅ የመጀመሪያ ምግባቸውን አፈሰሰ። ኤልዳርም ጭምር ሦስቱም መሰላል ላይ ወጥተው ጋኑ ላይ አጎነበሱ።

ጫጩቶቹ ይዋኛሉ። አፋቸው ግን ተከፍቷል፤ የሁሉም። አንዱም አይዘጋም።

ጉንቮር አንዱን በማንኪያ ቀድታ ማይክሮስኮፕ ሥር አየችው። ከዚያ ሁለተኛ፣ ከዚያ አሥረኛ።

«መንጋጋቸው ደርቋል» አለች። «ብርሃን ያስገባ ሰው ነበር?»

«እኔ ነኝ። በሠላሳ ስድስተኛው ቀን። መብራት ይዤ ነበር፤ አንድ ትንፋሽ ያህል።»

ጉንቮር ማይክሮስኮፑን ወደ ጎን ገፋች።

«እሱ ሊሆን ይችላል» አለች። «የእናትየዋ እርጅናም ሊሆን ይችላል። ወይም ያን ሰሞን ሌሎቹን የገደለው ነገር። ያልበራበት ሁለተኛ ጋን ቢኖረን አነጻጽሬ እነግርህ ነበር። አንድ ጋን ብቻውን ምንም አይነግረኝም።»

«ተቆጪኝ እንጂ፣ ጉንቮር።»

«በምን ማስረጃ?»

ከአስኳላቸው የተረፈው ለአምስት ቀን ቢበቃቸው ነው አለች።

በማግስቱ ሲቨርት መጣ። ክፍሉ በብርሃን ተሞልቷል፤ ጫማ ማውለቅም ገመድ መያዝም ቀርቷል። እሱ ግን ለምዶበት ቡቱን አወለቀ። ምግቡን አፈሰሰ። ምግቡ በተከፈቱት አፎች ፊት እየተንሳፈፈ አለፈ፤ አንዳንዱም ገብቶ ተመልሶ ወጣ። አሁን እስከፈለገ ድረስ ማየት ይችላል።

ኤልዳር ከኋላው መጥቶ ቆመ። ቆቡን በእጁ ይዟል፤ የሚቀልደው አጥቷል።

«እስቲ ትንሽ ጨምርላቸው» አለ።

ሲቨርት ጨመረላቸው።