የኮራ ፊት

ሎይድ ፔንደርጋስት በሆሊውድ ስሙን የተከለው በጨለማ ነው። ሌላው ፊልም ቀራጭ፣ ተዋናይ ላይ መብራት ሲደረድር እሱ ያጠፋ ነበር። የስቱዲዮ አለቆች ግን ጨለማ አይወዱም፤ እሱ ዘወር ሲል ፊልሙን ያፈኩበታል። ስለዚህ ብልሃት አበጀ፤ ኔጋቲቩን፣ ምስሉ መጀመሪያ የሚቀረጽበትን ጥሬ ፊልም፣ የሚበቃውን ብርሃን ነፈገው። ጨለማው ውስጥ ምንም ካልተቀረጸ ማን ምን ጎልጉሎ ያወጣል? «ከባዶ ጎተራ እህል አይሰረቅም» እያለ ይኩራራ ነበር።

ሚስቱ ኮራ በዋና ተዋናይነት የሠራችው አንድ ፊልም ብቻ ነው፤ ቀራጩም እሱ ነበር። በመጨረሻው ትዕይንት መስኮት አጠገብ ቆማ እያለቀሰች ልጇን ትሰናበታለች።

«ሎይዴ፣ ትንሽ ብርሃን ጣል አድርግብኝ እንጂ! እናቴ እንኳ አትለየኝም እኮ።»

«ድምፅሽ ይበቃል።»

«ድምፄንማ በሬዲዮም ይሰሙት የለ!»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ፤ እሱ ግን መብራቱን አላበራም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነውና በዚያ ፊልም የዓመቱን የቀረጻ ሽልማት ወሰደ፤ ተቺዎችም ያንን ጥቁር ፊት ሲያሞግሱ ከረሙ። ኮራን ግን ዳግም የጠራት አልነበረም። ከሞተች አሥር ዓመት አልፏታል።

አሁን ሎይድ ሽማግሌ ነው። ስቱዲዮው ፊልሙን አድሶ ሊያወጣ ስለሆነ፣ «ቀራጩ አይቶ አጽድቆታል» ለማለት ያህል በርባንክ ወዳለው ቢሮው ጠራው። ቀለም የምታስተካክለው ብሪያና ያንን ትዕይንት ከፈተችለት። የኮራ ፊት ፍንትው ብሎ በርቷል።

ሎይድ በደስታ ከወንበሩ ተነሣ። የነፈጋትን ሌላ ሰው ሰጣት ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ጠጋ ብሎ አየ።

«ይቺ ማናት?»

«ሚስትዎ ናቸዋ!»

«ኮራ ስታለቅስ ግራ ዓይኗ ይጠብ ነበር። አፏም እንዲህ አይደለም። ይቺን ሴትዮ አላውቃትም!»

ብሪያና አፈረች። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያለው ማሽን ነው ፊታቸውን ገምቶ የሞላው። ከየት ያምጣ? በሌሎቹም ትዕይንቶች ጥላ ውስጥ ናቸው።»

«ማሽኑን ተይው። ከኔጋቲቩ የራሷን አውጪልኝ።»

«ሞክሬያለሁ እኮ።»

«እባክሽ ልጄ፣ እንደገና ሞክሪ!»

ማሽኑ የሠራውን ፊት አነሣችና ብርሃኑን እስከ መጨረሻው ገፋችው። ስክሪኑ ላይ ግራጫ ብናኝ ብቻ ተርመሰመሰ።

«ይኸው፣ ሚስተር ፔንደርጋስት። ምንም አላስቀሩልንም» አለችና ልታጠፋው እጇን ዘረጋች።

«አታጥፊው» አለ ሎይድ፤ ወንበሩንም ወደ ስክሪኑ አስጠጋ።